ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም፦ የስታርተር ክላች ነገር

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 150 ሲሲ የቻይና ሞተር ሳይክል አለኝ። ከገዛሁት አራት ዓመት ሆኖታል፤ ለሥራ በየቀኑ ገጠር ለገጠር እነዳዋለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት የማስነሻውን ቁልፍ ስጫን ሞተሪኖው 'ዝዝዝ' እያለ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም። አምስት ስድስት ጊዜ ስደጋግመው ድንገት 'ቋ' ብሎ ይይዝና ይነሳል። ቀን ላይ ከሞቀ በኋላ ምንም ችግር የለበትም። በእግር ስመታው ሁልጊዜ ይነሳል። መካኒክ 'ሞተሪኖው ነው' ብሎ አስቀየረኝ፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ባትሪ ቀይር እያለኝ ነው። ዘይት የማደርግለት ለመኪና የሚሸጠውን 20ደብሊው-50 ነው። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ባትሪውን ከመግዛትህ በፊት ይህን አንብብልኝ። ከሁሉም በፊት ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ ያንን ቁልፍ መደጋገሙን ተው። በእግር አስነሳው። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርሃለሁ፤ ያ «ቋ» የሚለው ድምፅ በመጣ ቁጥር ግን ዕቃህ እየተጎዳ መሆኑን ከወዲሁ እወቅ።

ችግሩን ግማሽ በግማሽ ራስህ ፈትተኸዋል፤ የሰማኸውን ድምፅ ጽፈህልኛልና። ሞተር ሳይክል በቁልፍ አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ድምፅ እንዳሰማ ነው። ቁልፉ ሲጫን «ጠቅ» ብቻ ብሎ ዝም ካለ፣ ወይም «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» እያለ መብራቱ ከደበዘዘ፣ ጉዳዩ የባትሪ፣ የሪሌ ወይም የላላ ሽቦ ነው። ሞተሪኖው እያቃሰተ ሞተሩን በግድ የሚያዞር ከሆነ ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም ሞተሪኖው ራሱ አርጅቷል። የአንተ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ሞተሪኖው እንደ ልቡ ይሽከረከራል፣ ጉልበቱ ግን ወደ ክራንኩ፣ ማለትም ፒስቶኑን ወደሚያንቀሳቅሰው የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ አይደርስም። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ተቆርጧል ማለት ነው። ያ ድልድይ ስታርተር ክላች ይባላል። ሞተሪኖውን ያስቀየረህ ሰው ይህን ድምፅ ቢያዳምጥ ኖሮ ገንዘብህ በኪስህ ይቀር ነበር፤ ጤነኛ ሞተሪኖ አውጥቶ ሌላ ጤነኛ ሞተሪኖ ነው ያስገባልህ።

ስሙ ክላች ቢሆንም በግራ እጅህ ከምትይዘው ፍሪሲዮን ጋር አታምታታው። ይሄኛው ማንም ሳይነካው በራሱ የሚይዝና የሚለቅ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጉልበት የሚያስተላልፍ ዕቃ ነው። ብስክሌት የነዳ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል፤ ፔዳሉን ወደ ፊት ስትረግጥ ጎማው ይከተልሃል፣ እግርህን ስታቆም ጎማው አንተን ጥሎ ይሄዳል። አያያዙ ግን እንደ ብስክሌቱ በጥርስ አይደለም። በሽብልቅ ነው።

በእንደ አንተ ዓይነቱ ሞተር ላይ ዕቃው የሚገኘው በግራ በኩል፣ በክራንኩ ጫፍ ላይ እየዞረ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ከማግኔቱ ጀርባ ነው። ከማግኔቱ ጋር በአለን ቡሎን (ራሱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ባለው ቡሎን) የታሰረ ወፍራም የብረት ቀለበት አለ፤ የሮለሮቹ ቤት እንበለው። በቤቱ ውስጥ በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ ያሉ ጎድጓዳ ቦታዎች ተቆርጠዋል፤ በእያንዳንዱም እንደ አጭር ሚስማር ቁራጭ ያለ ክብ ብረት ተቀምጧል። ሮለር የሚባለው እሱ ነው። ከኋላው ቀጭን ሞላ አለች፤ ሮለሩን ወደ ጠባቡ በኩል ሁልጊዜ ገፋ አድርጋ ትይዘዋለች። መሃል ላይ ደግሞ ሞተሪኖው በማርሽ ወይም በትንሽ ሰንሰለት የሚያዞረው ትልቁ ማርሽ አንገቱን አስገብቷል። ሞተሪኖው ሲዞር አንገቱ ሮለሮቹን ይዞ ወደ ጠባቡ ቦታ ይጎትታቸዋል። እዚያ እንደ ሽብልቅ ይሰነቀራሉ፣ አንገቱና ቤቱ አንድ ብረት ይሆናሉ፣ ክራንኩም ይዞራል። ሞተሩ ሲነሳ ማግኔቱ ከማርሹ ይፈጥናል። ያኔ ሮለሮቹ ወደ ሰፊው ቦታ ይመለሳሉ፣ ሽብልቁ ይለቃል፣ ማግኔቱም ብቻውን ይሄዳል።

ይህች መልቀቅ ባትኖር ምን እንደሚፈጠር አስበው። ሞተሪኖው ክራንኩን አንድ ዙር ለማዞር እሱ 10 ዙር የሚዞር ነው እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ዙር ሲደርስ ሞተሪኖው 80,000 ሊዞር ነው ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት የሚተርፍ ሞተሪኖ የለም። ስለዚህ ይህ ዕቃ ሁለት ሥራ አለበት፤ ሲያስነሱት መያዝ፣ ሲነሳ መልቀቅ። የአንተ መልቀቁን አልረሳም፣ መያዙ ነው የሰነፈው።

ለምን በጠዋት ብቻ? እዚህ ላይ ከተማህ ራሷ ትናገራለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚወርድባት አገር ናት። 20ደብሊው-50 ዘይት በእንዲህ ያለ ጠዋት እንደ ማር ይወፍራል። የሮለሮቹ ሞላዎች ደግሞ በጣት ጫፍ የምትጨመቅ ዓይነት ቀጫጭን ናቸው። የወፈረውን ዘይት ገፍተው ሮለሩን ወደ ጠባቡ ቦታ ማድረስ ያቅታቸዋል። ሮለሩ በዘይት ላይ እየተንሳፈፈ አንገቱ ከሥሩ ያመልጠዋል፤ «ዝዝዝ» የምትሰማው ይህን ነው። ደጋግመህ ስትጫን ዘይቱ ትንሽ ተገፍቶ አንዱ ሮለር ድንገት ይነክሳል። በዚያች ቅጽበት ሞተሪኖው በሙሉ ፍጥነቱ እየዞረ ነው፣ ክራንኩ ግን ቆሟል። ሁለቱ የሚገናኙት በምት ነው። «ቋ» ማለት እሱ ነው። ምቱ ሮለሩን ጠርዝ ጠርዙን ይሸርፋል፣ አንገቱ ላይ ምልክት ያትማል፣ የማርሽ ጥርስ ያደክማል፣ ቡሎኖቹንም ያላላል። አትደጋግም ያልኩህ ለዚህ ነው።

ይህ የቻይና ዕቃ ጉድለት ብቻ እንዳይመስልህ። የቢኤምደብሊው ኬ75 እና ኬ100 የተባሉት፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጡት ታዋቂ ሞተር ሳይክሎች፣ በብርድ ቀን ወይም ብዙ ጊዜ ቆመው ሲነሱ ይኸው ችግር ይገጥማቸው ነበር። ሞተሪኖው ይጮኻል፣ ሞተሩ አይዞርም። በብዙዎቹ ላይ የተገኘው ጥፋት የዕቃ መሰበር አልነበረም፤ የወፈረና የቆሸሸ ዘይት የክላቹን ክፍሎች አጣብቆ ይዟቸው ነው። ዘይቱ ሲለወጥና ክላቹ ሲታጠብ መሥራት የጀመሩ ጥቂት አይደሉም። የአንተም ሲሞቅ ደህና መሆኑ ተስፋ ይሰጠኛል። ሮለሮቹና አንገቱ ፈጽመው ቢያልቁ ኖሮ በሞቀም ጊዜ ያመልጥ ነበር። እኔ እዚህ የምጠረጥረው ዘይቱንና የደከሙ ሞላዎችን ነው።

ስለ ዘይቱ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የተሳሳተ ወሬ የሚነዛበት ጉዳይ ነውና። «የመኪና ዘይት ሁሉ ክላች ያንሸራትታል» የሚል ሰው ታገኛለህ። እንደዚያ በጥቅሉ አይባልም። ፍትጊያን ለመቀነስ የሚያንሸራትት ቅመም በብዛት የሚገባባቸው ቀጫጭኖቹ የመኪና ዘይቶች ናቸው፤ 0ደብሊው-20፣ 5ደብሊው-30 እና የመሳሰሉት። ጣሳው ጀርባ ላይ ባለው የኤፒአይ (API) ክብ ምልክት ግርጌ «Energy Conserving» ወይም «Resource Conserving»፣ ማለትም ቆጣቢ፣ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካየህ ለሞተር ሳይክል አትግዛው። የአንተ 20ደብሊው-50 ከዚህ ወገን አይደለም፤ የእሱ ጥፋት ለደብረ ብርሃን ጠዋት መወፈሩ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ሰዎች «ሞተር ያለሰልሳል» ብለው ለብቻው ገዝተው የሚጨምሩት ሞሊብዲነም ያለበት ቅመም ነው። ስታርተር ክላች የሚይዘው ብረት ብረትን ሲነክስ ነው፤ ያንን መንከስ የሚከለክል ነገር እያፈሰስክ ይያዝልኝ ማለት አይቻልም።

ለሞተር ሳይክል የተሠራ ዘይት ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ጃሶ ኤምኤ2 የሚል ምልክት አለው። ጃፓኖች ይህን ደረጃ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ሞተርን፣ ፍሪሲዮንንና ማርሽን አንድ ዘይት በሚያለሰልስባቸው ሞተር ሳይክሎች ላይ የመኪና ዘይት ችግር ስላመጣ። ኤምቢ የሚለው አንሸራታቹ ወገን ስለሆነ ለአንተ አይሆንም። የመመሪያ መጽሐፍህ ከፈቀደ 10ደብሊው-40 ወይም 15ደብሊው-40 የሆነ ኤምኤ ዘይት ፈልግ። የመጀመሪያው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ይቀጥናል።

ወደ ባትሪው ልመለስ። መካኒክህ ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም። ብዙ ሰው «ሞተሪኖው እንደዚያ እየጮኸ ባትሪው እንዴት ደካማ ይሆናል?» ይላል። ሞተሪኖ ግን ባዶውን ሲዞር የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው፤ ግማሽ የሞተ ባትሪም ባዶውን ያስጮኸዋል። ስለዚህ ጩኸቱ የባትሪውን ጤንነት አይመሰክርም። መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ፈልግ። ሞተር ሳይክሉ አዳሩን ቆሞ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሞልቷል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ሞተሩ ሞቆ ክላቹ በሚይዝበት ሰዓት ደግሞ ቁልፉን ስትጫን ተመልከት፤ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ሸክም አይችልም። ተነስቶ ነዳጅ ሰጥተኸው እያለ ከ13.5 እስከ 14.8 ቮልት ባለው ውስጥ ከሆነ ቻርጁ ደህና ነው። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር ስታስተያየው ምንም ማለት ነው።

ባትሪው ደካማ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስታርተር ክላችን የሚገድለው ዋናው ጠላት እሱ ሊሆን ይችላል። እንዴት መሰለህ? ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ፒስቶኑ ከላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ክራንኩ በደንብ እየዞረ ከሆነ ፒስቶኑ በግስጋሴው ጫፉን ያልፋል፣ ፍንዳታውም ወደ ታች ይገፋዋል። ባትሪው ደክሞ ክራንኩ እየተጎተተ የሚዞር ከሆነ ግን ፍንዳታው ጫፉን ሳያልፍ ይቀድመዋል፤ ፒስቶኑን መልሶ ክራንኩን ወደ ኋላ ያዞረዋል። በእግር ስታስነሳ ፔዳሉ መልሶ እግርህን መትቶህ ያውቅ እንደሆነ ያ ነው። አሁን የክላቹን ጠባይ አስታውስ፤ ሞተሪኖው ወደ ፊት፣ ክራንኩ ወደ ኋላ ሲሆን ሮለሮቹ በጣም የሚሰነቀሩበት አቅጣጫ ነው፤ መልቀቂያ የላቸውም። የፍንዳታው ጉልበት በሙሉ በእነዚያ ትንንሽ ብረቶች ላይ ያርፋል። የሮለሮቹ ቤት የሚሰነጠቀው፣ ቡሎን የሚቆረጠው ያን ጊዜ ነው። ክላቹን ለውጦ ደካማውን ባትሪ የተወ ሰው በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? ሳትከፍት የምትሠራት አንዲት ፈተና አለች፤ ገንዘብ አታስወጣም። በብርዱ፣ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ሥራት። በመሃል መቆሚያው አቁመው፣ የመክፈቻ ቁልፉን ዝጋ፣ ካንዴላውን ንቀል፣ የመጨረሻውን ማርሽ አስገባ። የኋላ ጎማውን በእጅህ መጀመሪያ ወደ ፊት አዙረው፤ ቀለል ብሎ ይዞራል። ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ አዙረው። ክላቹ ጤነኛ ከሆነ ክራንኩ ወደ ኋላ ሲሄድ ሮለሮቹ ይይዙና ሞተሪኖውን አብረው ይጎትቱታል፤ ጎማው ይከብድሃል፣ ሞተሪኖውም ውስጥ ሆኖ ሲዞር ትሰማዋለህ። ወደ ኋላም እንደ ፊቱ ቀለል ብሎ ከዞረ ሮለሮቹ አልያዙም። አሥር ጊዜ ያህል ደጋግመው፤ አንዴ ይዞ አንዴ የሚለቅ ከሆነም ያው ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ በቀስታ ሲዞር የያዘ ክላች በሞተሪኖው ፍጥነት ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ፈተናውን መውደቁ ማስረጃ ነው፣ ማለፉ ግን ሙሉ ነጻ አያወጣውም።

ቀጥሎ ዘይቱን ቀይር። ሞተሩን አሙቀህ፣ አሮጌውን በደንብ አንጠፍጥፈህ። የፈሰሰውን ዘይት በንጹሕ ሳህን ተቀበልና ብርሃን ላይ እየው፤ ማግኔት ነገር ቢኖርህ ውስጡ አንቀሳቅስ። የዘይት ማጥለያዋን ወንፊትም አውጥተህ እጠባት። ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር ከዕድሜ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ስባሪ፣ ቁራጭ ሞላ፣ የጥርስ ፍንጣሪ ካገኘህ ግን አንድ ቀን አታሳድር፣ አስከፍተው። ያ ስባሪ ወደ ዘይት ፓምፕ ከገባ የምታወራው ስለ ሙሉ ሞተር ነው። ስባሪ ከሌለ አዲሱን ዘይት ሞልተህ አንድ ሁለት ሳምንት ንዳው፤ ሮለሮቹ በተጣበቀ ዘይት ብቻ ከሆነ የያዛቸው ቀስ በቀስ ሲላቀቁ ለውጡን ትሰማለህ። «ቶሎ እንዲያጥብ» ብለው ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ በዘይቱ ላይ ጨምረህ እንድትነዳ የሚመክሩህን አትስማ። የክራንኩ ኩሽኔታ የሚኖረው በዘይት ውፍረት ነው።

በዚህ ከተስተካከለ እሰየው። ካልተስተካከለ ይከፈታል። ጋራዥ ብትወስደውም አብረህ ቁም፤ ምን መታየት እንዳለበት ላሳይህ።

መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ዘይቱ ይወርዳል፣ የማርሽ መቀየሪያው ፔዳል ይወጣል፣ የግራው ሽፋን ይከፈታል። ሽፋኑ ላይ የቻርጁ ጥቅል ሽቦዎች ስላሉ ማግኔቱ ይስበዋል፤ ጣት እንዳይቆነጥጥ፣ ሽቦዎቹም እንዳይጎተቱ። ማግኔቱ የሚወጣው ለሞተሩ በተሠራ ፑለር (ስቦ ማውጫ መሣሪያ) ብቻ ነው። እዚህ ላይ መዶሻ የሚያነሳ ሰው ካየህ አስቁመው። በመዶሻ የተመታ ማግኔት ይሰነጠቃል ወይም ከቦታው ይላቀቃል፤ ክራንኩም ሊጣመም ይችላል። ከክራንኩ ጫፍ ላይ ያለችውን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላትን ትንሽ ብረት በዓይንህ ጠብቃት። የብልጭታውን ሰዓት የምትወስነው እሷ ናት፤ ከተቆረጠች ወይም ከተሸራረፈች ማግኔቱ ቦታውን ይስታል፣ ብልጭታው ሰዓቱን ያዛባል፣ ሞተሩም ወደ ኋላ ይመታል። ክላቹን የገደለው እሱ ሊሆን ይችላልና ሳታያት አትለፋት።

ማግኔቱ ሲወጣ ማርሹን በእጅህ ወደ ክላቹ መልሰህ አስገባና አዙረው። በአንዱ አቅጣጫ እንደ ቅቤ ሊዞር፣ በሌላው ወዲያው ቀጥ ሊል ይገባል። «ትንሽ ዞሮ ይይዛል» የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ማርሹን አውጥተህ አንገቱን ጥረግና ጥፍርህን ዙሪያውን ጎትትበት። እንደ መስታወት መለስለስ አለበት። ጥፍርህ የሚሰናከልበት መስመር ወይም ጉድጓድ ካለ ዕድሜው አልቋል። ሮለሮቹን አንድ በአንድ አውጥተህ መዳፍህ ላይ አንከባላቸው፤ አንዱ ጎን የተደፈጠጠ፣ የተበላ ወይም በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ካለ ይጣላል። ሞላዎቹን ጎን ለጎን አቁማቸው፤ አንዷ ካጠረች ደክማለች። ቤቱን በቤንዚን አጥበህ በብርሃን ተመልከተው፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሮለሩ ጎድጓዳ ጠርዝ ነው። አለን ቡሎኖቹንም ሞክራቸው፤ በእጅ ቁልፍ ትንሽ ተነክተው የሚዞሩ ከሆነ ላልተዋል። የላላ ቡሎን ራሱ ብቻውን መንሸራተትና በግራ በኩል የሚሰማ ኳኳታ ያመጣል፤ ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው ከሆነ ቤቱ ይቀየራል።

አሁን ከልቤ የምለምንህ ነገር አለ። ሮለርና ሞላ ብቻ ቀይሮ የተበላውን አንገት መተው ትልቅ ስሕተት ነው። ይህን በራሴ እጅ አጥፍቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት፣ ገጠር እየዞረ ከብት የሚያክም አንድ የእንስሳት ሐኪም ሞተሩን ይዞልኝ መጣ። ወጪ እንዲቀንስለት ብዬ አዳዲስ ሮለሮች አስገባሁና አንገቱ ላይ ያየሁትን መስመር በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። በእጄ ስፈትነው ያዘ። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩን እየገፋ መጣ። ከመንገድ ዳር አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ነበር፤ የምትወልድ ላም እየጠበቀችው። ያን ቀን የገባኝን ልንገርህ፤ ሽብልቁ የሚይዘው በጣም ጠባብ በሆነ ማዕዘን ነው። አንገቱ ላይ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ብረት ሲነሳ ሮለሩ ከተለካለት ቦታ አልፎ ይገባል፤ ወይ አይነክስም፣ ወይ ነክሶ አይለቅም። ስለዚህ ይህ ዕቃ አይሞረድም፣ በብርጭቆ ወረቀት አይታሽም፣ በብየዳም አይጠገንም። ብየዳ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል። ሞላ መሳብ፣ ከእስክሪብቶ ሞላ ቆርጦ መተካት የመሳሰለው ዘዴም ችግሩን ለሳምንት ቢደብቀው ነው።

ዕቃውን ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ለአንተ ዓይነቱ ሞተር የሚሸጡት ክላቾች አንድ ዓይነት አይደሉም። ባለ ሦስት ሮለር አለ፣ ባለ 9 አለ፣ ባለ 20 አለ። የማርሹ ጥርስ ቁጥርም ይለያያል፤ አንዳንዱም በማርሽ ፋንታ ለሰንሰለት የተሠራ ነው። ጥርሱን ቁጠር፣ ቡሎን ቀዳዳዎቹን ግጠማቸው፣ አንገቱን ከቤቱ ጋር እዚያው ሱቁ ውስጥ አስገብተህ በእጅህ አዙረው። መርካቶ ሰው የምትልክ ከሆነ ፎቶ ብቻ አትላክ፣ ዕቃውን ላክ። ባለ 20ውን የሚቀበል ሞተር ከሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ሸክሙ በብዙ ሮለር ላይ ስለሚከፋፈል። ቤቱና ማርሹ አብረው የሚሸጡትን ሙሉ ዕቃ ግዛ።

ሲገጠም የአለን ቡሎኖቹ ክር በቤንዚን ይታጠብና ደርቆ የክር ማጣበቂያ ይቀባል፤ መመሪያው በሚለው ልክ ይጠበቃል። ሮለሮቹ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይነካሉ እንጂ ግራሶ አይቀቡም፤ ግራሶ በብርድ የሚያደርገውን አሁን ታውቃለህ። የክራንኩ ሾጣጣ ጫፍና የማግኔቱ ውስጥ ግን ዘይት ሊነካቸው አይገባም፤ ማግኔቱን አጥብቆ የሚይዘው የሁለቱ ደረቅ ብረት መጣበቅ ነው፣ ያቺ የግማሽ ጨረቃ ብረት ቦታ ታሳያለች እንጂ ጉልበት አትሸከምም። ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት ማርሹን በጣትህ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ አዙር። ቤቱ ተገልብጦ ገብቶ ከሆነ የምታውቀው ያኔ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ከሆነ አዲስ ጓርኒሲዮን (የሽፋኑን መጋጠሚያ የሚደፍነውን) ገዝተህ እንደገና ትጀምራለህ።

አጠቃቀሙ ብዙም አያስቸግርም። በብርድ ጠዋት የመክፈቻ ቁልፉ ተዘግቶ እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ በእግርህ ቀስ ብለህ ምታው፤ ዘይቱ ይንቀሳቀሳል። ቾኩን ሳብ፣ የፊት መብራቱን አጥፋ፣ ፍሪሲዮኑን ያዝ፣ ከዚያ ቁልፉን ተጫን። ከአምስት ሰከንድ በላይ አትጫነው፤ ካልተነሳ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል አሳርፈው። እንደተነሳ ወዲያው ልቀቅ። በሚሠራ ሞተር ላይ ቁልፉን በስሕተት እንኳ አትንካ። «ዝዝዝ» ካለህም ሁለተኛ አትሞክረው፤ የአንተ ሞተር በእግር ሲነሳ በስታርተር ክላቹ በኩል ስለማያልፍ እስክታሠራው ድረስ በእግር እያስነሳህ ሥራህን መሥራት ትችላለህ። ይህን የምልህ ግን ኳኳታ እስካልተሰማና በዘይቱ ውስጥ ስባሪ እስካልተገኘ ድረስ ነው።

ባትሪውን ለክተህ፣ የኋላ ጎማውን ወደ ኋላ አዙረህ የሰማኸውን ጻፍልኝ። ከተከፈተም የአንገቱን ፎቶ በጎን ብርሃን አንስተህ ላክልኝ፤ መስመር ካለው ከፎቶው አየዋለሁ።